ሦስት ፊደል

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ በርገን ዝናቧን ታወርዳለች፤
ከተማዬ ናት፣ አትደንቀኝም፣ ሌላ ሙያ መች ታውቃለች።
የጥገና ሰዓቴ ነው፣ እስከ አሥር ተፈቅዶልኛል፤
ሦስት ጥቁር መስኮት ከፍቻለሁ፣
ሦስቱም በየቋንቋው ያናግረኛል።

አንደኛው ሻጭ «አሳይ» በዪኝ ይላል፣
ሁለተኛው «ግለጥ» ካላልሽኝ ጆሮዬ ደንቆሮ ነው ይላል፤
ሦስተኛው ሁለቱንም ይሰማል፣
ግን መልሱን አርባ ገጽ አድርጎ
በየገጹ «ልቀጥል?» እያለ ይቆማል።

ለመሰረዝ አንዱ ጋ «አይ» ነው፣ አንዱ ጋ «ፍታ»፣ አንዱ ጋ «አጥፋ»፤
ሦስት ቤት ሲያንኳኳ ያድራል ጣቴ፣ የገባበት ቤት እስኪጠፋ።
አንዱ የጻፍሁትን ይዞ ይጠብቃል፣ «አጽድቅ» እስክለው ድረስ፤
ሌላው ቁልፏ ስትነካ አለቀ፣
ከአፍ የወጣ አፋፍ ደርሶ ላይመለስ።

ፈቃድ ደግሞ አለ። በገዛ ዕቃችን
በየዓመቱ ፈቃድ እንገዛለን፤
አርባ ስምንት ወደብ ያለው ብረት ተሸክመን
በሃያ አራቱ እናድራለን።
ባለፈው ወር ደውዬ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ፣
ከዚያ አንድ ጨዋ ልጅ መጣ፣ ከእንቅልፉ ገና ያልነቃ፤
«አጥፍተው አብርተውታል?» አለኝ።
ልጄ፣ እኔ እሱን ሳጠፋ
የደሴቶቹ ሁሉ ስልክ ይጠፋል።

የዛሬው ሥራ ትንሽ ነበር። አንዲት ቁጥር፣ አርባ ሰባት፣
ወደ ደሴቲቱ በሚሄደው ግንድ ከእኅቶቿ ጋር ላስገባት።
«ፍቀድ አርባ ሰባት» ብዬ ጻፍሁ።
«ጨምር» ማለት ረሳሁ።
በዚያኛው ቤት አያስፈልግም። በዚህኛው ግን
«ጨምር» ካላሉት የነበሩትን ሁሉ አባሮ
አዲሷን ብቻዋን ያነግሣል።
«እርግጠኛ ነሽ?» አላለኝም፤
ከመስኮቱ ስወጣ ግን ሁለቴ ይጠይቀኛል።

ጠቋሚዋ አንዴ ብልጭ አለች። ቆመች።
የተቀመጥሁበትን ግንድ በገዛ እጄ ቆረጥሁ።

እዚያ ማዶ የሳልመን እርባታ አለ፣ ስድስት ክብ በረት በባሕር፤
የኦክስጅኑ መለኪያ በዚያ ግንድ ነበር የሚናገር።
ለጠባቂው ደወልሁ። ስቬይኑንግ፣ ሰባ አንድ ዓመቱ።
«ቶርውን፣ ዐይንሽ ታወረ?» አለኝ።
ታወረ አልሁት።
«እንግዲያው የእኔን ላውስሽ።»
በእጅ መለኪያ፣ በትንሽ ጀልባ፣
ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ከበረት በረት ዞረ፤
በየሩብ ሰዓቱ እየደወለ
ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገረኝ።
እኔም በወረቀት ጻፍሁ፣ ወረቀት ቋንቋ አይመርጥም።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ በመጀመሪያው መርከብ፣
ሰማያዊ ገመድ እንደ ማተብ ባንገቴ፣
ሌላ ሁለት ዓይነት በቦርሳዬ፣
(ለሻጭ ሁሉ የየራሱ ቀዳዳ አለው)
ደረስሁ፣ ሰካሁ፣ «ጨምር» ብዬ ጻፍሁ።
ሦስት ፊደል።
ለሦስት ፊደል ባሕር ተሻገርሁ።

ስወጣ ስቬይኑንግ ደጃፉ ላይ መረብ ይጠግናል።
ክሩን ከማን ገዛኸው? አልሁት።
«ይህን ከአንዱ፣ ያንን ከሌላው።»
ቋጠሮውስ?
ቀና ብሎ አየኝ፣ ጥያቄው አልገባውም።
«ቋጠሮማ ቋጠሮ ነው።»

ስመለስ መርከቡ ላይ ከሻጩ ደብዳቤ ደረሰኝ፤
በሚመጣው ዕትም «ጨምር» ቀርታ
«አክል» እንድትባል ተወስኗል።
በመዳፌ ላይ በእስክርቢቶ ጻፍኋት።
ወደብ ሳንደርስ ዝናቡ አጠባት።