የጣሳው ጅብራ

«ምን እንደ ጅብራ ይገትርሃል?» አለች ዘይቱና፤
እውነቷን ነው፤ ቆሜያለሁ፣ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና፣
በወተት ዱቄት ጣሳ ጅብራ ተክዬ፣
አንድ ስንዝር ያልሞላች፣ ታድጋለች ብዬ።

በሳነቴ ሜዳ፣ መኪናዬ ቆሞ፣
ራዲያተሩ ፈልቶ፣ ረዳቴም ደክሞ፣
በጭጋጉ አየኋት፣ ከሰው ቁመት ረዝማ፣
ማንንም የማትጠብቅ፣ ብቻዋን ቆማ።
ዘሯ እንደ ትንባሆ ብናኝ፣ ደቅቆ የላመ፣
በሲጋራ ወረቀት ጠቅልዬው፣ ኪሴ ውስጥ ከረመ።

ጅማ ግን ጅማ ናት። ሌሊቷም ይሞቃል፣
የጣሉት ዘር ሁሉ ሳይጠሩት ይጸድቃል፤
አቮካዶው፣ ሙዙ፣ ሐረጉ አጥር የወጣው፣
እንጨትም ብትሰካ ቅጠል ነው የሚያመጣው።
እሷ ብቻ እንቢ አለች።
ከሰላሳ ቡቃያ ሃያ ዘጠኙ በስብሶ፣
ቀረች አንዷ፣ ጠርዟ ጠይሞ፣ ቅጠሏ አንሶ።

ለካ በአገሯ ላይ ቀኑ ሁሉ በጋ፣
ሌሊቱ ሁሉ ክረምት፣ ውርጩ እስኪነጋ፤
ሲመሽ ትጨብጣለች ቅጠሏን እንደ ጡጫ፣
ሲነጋ ትዘረጋዋለች፣ ለፀሐይ መቀመጫ።

እዚህ ማን ያስጨብጣት? ማን ይሁንላት ውርጭ?

ማታ ማታ እሄዳለሁ፣ ሒርማታ፣ ሰፊያ ሱቅ፣
ከለስላሳው ፍሪጅ በረዶ ልጠይቅ፤
በፌስታል ይዤ መጥቼ፣ ጣሳውን ከብቤ
ክረምት እሠራለሁ፣ ለአንዲት ቅጠል አስቤ።
«ለማን ነው?» ትላለች። «ለታመመ» እላለሁ።
አልዋሸሁም፤ ማን እንደታመመ እኔ ብቻ አውቃለሁ።

ሐሙስ መብራት ሄደ። ዓርብም አልተመለሰ።
ቅዳሜ የሰፊያ ፍሪጅ ወለል ላይ አለቀሰ።
ጅብራዬ ሌሊቱን፣ እንደ ተከፈተ እጅ፣
ስትለምን አደረች በማታውቀው ደጅ።

እሑድ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከአዌቱ ማዶ ጠቁሮ፣
ወረደ በረዶ፣ እንደ ባቄላ፣ ሲወቃ ቆርቆሮ።
የነዚፍን ችግኞች፣ ስድስት መቶ ቡና፣
ወንፊት አደረጋቸው፣ አንድም ሳይቀር ጤና።
እኔ፣ የልጅ ልጅ ያየሁ፣ ሳፋ ይዤ ሮጥሁ፤
በአጥሩ ክፍተት ነዚፍ ሲያየኝ ደነገጥሁ።
ደስታዬ ፊቴ ላይ ነው። የት ልደብቀው አሁን፣
ሰው ያረረበት ነገር ለእኔ ሲሳይ ሲሆን?
ሳፋዬን አስቀመጥኩ። ዝም አልን፣ ሁለታችን።
ውሃ ይንጠባጠባል፣ ከጣራው፣ ከልብሳችን።

ሲመሽ በር ተንኳኳ። ነዚፍ፣ ባልዲ ይዞ፣
በረዶው በገለባ፣ በኬሻ ተጎዝጉዞ፦
«ለበሽተኛህ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረ።
ጣሳው ዘንድ ወስጄው፣ አብሮኝ ተገተረ።
ዘይቱና ከበሩ፣ ፋኖሷን አንሥታ፣
«ሁለት ሆናችሁ?» አለች፣ ሳቋን አምቃ፣ ቆይታ።

ጎህ ሳይቀድ በጣቴ ዳሰስኳት። ጨብጣለች።

ታብባለች ይላሉ፣ ሃያ ዓመት ሲሞላት፤
እኔ ስልሳ አራት ነኝ፤ ሂሳቡን አልነገርኳት።
ነገ ከነዚፍ ጋር አፈር እንሞላለን፣
ስድስት መቶ ከረጢት።