ሦስት ጊዜ የተገዛ ካውያ

ሱቄ ሰኞ ገበያ ነው፤ የምሸጠው የሰው ዕቃ፣
የቆመ ሰዓት፣ ያበጠ ባትሪ፣ ሬዲዮ ካልመቷት የማትነቃ።
ደረሰኝ አልቆርጥም፣
“ከየት አመጣኸው?” ብዬ ሰው አላስጨንቅም።
ጠያቂ ነጋዴ፣ ይል ነበር አባቴ፣ ጦሙን ያድራል፤
እኔ ጠግቤ አድሬያለሁ። ጥጋቡ ግን ይቆረቁራል።

ሸምሱ መጣ አንድ ጧት፣ ጦሳ ጉሙን ሳይገፍፍ፣
እጁ በጋቢው ሥር፣ ዓይኑ በር በሩን ሲቀዝፍ።
ሆጤ ሳለን አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል፤
ያለ ኮምፓስ ሰሌዳ ላይ ክብ ሲሠራ ዐይተናል፤
መምህሩ በገመድ ለክቶ “ይኸን ልጅ ጠብቁት” ብሎናል።
አሁን ያ እጅ ይንቀጠቀጣል።
ካውያ አወጣ፤ ገመዱ በቀይ ክር የተጠገነ። “ስንት ያወጣል?”
“ሁለት መቶ” አልኩ። ሳይከራከር ወሰደ።
ከፋርማሲው ጀርባ ባለው ቅያስ ወረደ።

አጀማመሩን አውቃለሁ፤
ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፣
ሲሚንቶ ሲያራግፍ ወገቡ ሲሰበር፣
ሾፌሩ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ አንዲት ትራማዶል ሰጠው፤
“ፍሬ ናት፣ ዋጣት” አለው።
አንደኛዋ ወገቡን አዳነች፣ ሁለተኛዋ ሐረጎን አሳጠረች፣
ሦስተኛዋ ባለቤት ሆነች።
ከዚያ ጫት፣ ለጫቱ ጨብሲ፣ ከጨብሲው ማግስት ሱሱ ሲጠራው
መልሶ ፍሬ። ያለ ኮምፓስ ክቡን ሠራው።

እናቱ እት መሬማ ከሰዓት መጣች፣
መደርደሪያዬን እንደ መቃብር ስም አንድ በአንድ አነበበች፣
ቀይ ክሯን አየች።
“ስንት ነው?” አለች።
ማን ሸጠልህ አላለች፣ አልረገመች፣
ሦስት መቶ ሃምሳ ከመቀነቷ ፈትታ ቆጠረች፣
የራሷን ካውያ ገዝታ ሄደች።
በወሩ ሸምሱ መለሰው። መጥታ ገዛች።
ከአረፋ በኋላ መለሰው። መጥታ ገዛች።
እሷ አልተከራከረችኝም፣
እኔም፣ አላህ ይየኝ፣ ዋጋው አልጎረበጠኝም።

ደግሞ ሸምሱ ብቻ መስሏችሁ?
ይኸ ምጣድ የመምህሯ ቤት ነው፣ ይኸ ላፕቶፕ የሐኪሙ፣
ይኸ ሰዓት የቄሱ፣ ያኛው የኢማሙ።
የሠፈሬን ቤት ሁሉ፣ በሩን ሳላንኳኳ፣ ገብቼ ዐየሁት፣
በመደርደሪያዬ ቆጠርኩት።
ለቅሶ ላይ ስንገናኝ ግን ስለዚህ የሚያወራ የለም፤
“ሥራ ፈትቶ ነው”፣ “የሰው ዓይን ነው”፤ ስሙን የሚጠራ የለም።

በአራተኛው ካውያውን በፌስታል ይዛ ራሷ መጣች፣
“አልሸጥልህም፤ አደራ ነው” አለች።
“ቤት ከዋለ ይሸጣል። አንተ ጋ ግን የተሸጠ ነውና ሌባ አይፈልገውም።
ፍሬዬን ፍሬ በላብኝ፤ አራተኛ መግዛት አልችልም።”

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ትመጣለች፣
ጠረጴዛዬን በእጇ ጠርጋ ሸሚዙን ትተኩሳለች፣
“ነገ ጁምዓ ነው፤ ምናልባት ይሄድ ይሆናል” ትላለች።
መብራት ከጠፋ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።
እኔ ሒሳብ እሠራለሁ፤ ሦስት ጊዜ መቶ ሃምሳ፣
አራት መቶ ሃምሳ፤
እጄ ወደ መሳቢያው ሄዶ ይመለሳል፣ እንደ አንካሳ።

ባለፈው ሐሙስ፣ እሷ እንደወጣች፣ ሸምሱ ገባ።
ሸሚዙ ምስማር ላይ ነበር፤ እሱም እንዳይሸጥ ብላ እዚያው ትታው።
ዐየው።
ጋቢው ሥር ምንም የለም፤ እጁ ባዶ ነው።
ካውያውን በጣቱ ጫፍ ነካ። ገና ትኩስ ነው።
“ስንት ነው?” አለኝ።

ስንት ዓመት ዋጋ ስጠራ ኖሬ፣
አፌን ከፈትኩ፤
ቁጥር አልወጣም።