አፈ ጠባብ

ኮምቦልቻ ከሰዓት፣ መብራት ሄዶ መጥቶ፣
ቶርኖዬ አጓራ የወይራ ጉቶ አይቶ።
ላዩን ጨርሻለሁ፤ ላይስ ምን ያቅታል?
ዓይን ያያል፣ እጅ ይስባል፣ መሮው ይከተላል።
ውስጡ ነው ነገሩ።

ያዘዘችኝ ጦይባ፣ የሐይቋ ማር ሻጭ፣
አፏ እንደ ወስፌ፣ ነገር አቋራጭ፦
«ቅል ይምሰል፣ ቅል አይሁን፤ ቅልማ ከዳኝ፣
ሀረጎ ቁልቁለት ላይ ማሬን አስደፋኝ።
አፉ ሁለት ጣት ይሁን፣ ዝንብ እንዳይደፍር፣
ሆዱ ግን ሦስት ኪሎ ችሎ እሚያሳድር።»
«ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል» ብዬ ቀለድኩ፤
«ያንተ አገር ድንጋዩ ጠነከረ» አለች። ዝም አልኩ።

ሁለት ጣት!
በሁለት ጣት በር ገብቼ፣
የቤቱን ሆድ ዕቃ በሙሉ አውጥቼ፣
ግድግዳው እንዳይሰማ፣ ጣራው እንዳይነቃ…
ሌባ እንኳ ለዚህ ሥራ ይፈልጋል ዕቃ።

ቀጥ ያለ መሮ አለኝ፣ ከጋሽ ይመር የቀረ፣
እጀታው በሳቸው መዳፍ የተሞረደ፣ የጠቆረ።
ወለሉን ይቆፍራል፣ ታች ድረስ ይወርዳል፤
ትከሻው ሥር ሲባል ግን ቆሞ ይመለሳል።
ቀጥ ያለ ሰው ደግ ነው፣ ይመሰገናል በደጅ፤
ቀጥ ያለ ብረትም ደግ ነው፣ ጓዳ አያውቅም እንጅ።

ሰኞ ደሴ ወጣሁ። ጦሳ ጉም ለብሷል።
ብረት ሻጩ አበጋዝ ካርቶን ይከፍታል፦
«ይሄ የውጭ ነው፤ ጫፉ ክብ፣ እንደ ምስር፣
ሞረድ አይጠይቅህ፤ ሲደንዝ ፍታ፣ ሌላ እሰር።»
ዋጋውን ነገረኝ።
ሳል ያዘኝ።
«ምስሯ ስታልቅስ?»
«አዲስ አበባ አለ።»
«እዚያስ ከሌለ?»
ትከሻውን ሰበቀ። ካርቶኑን ከደነ።
አልዋሽም፣ ሀረጎን ስወርድ በየጠመዝማዛው፣
ያቺን ምስር ሳስብ ልቤን መመለስ ሲቃጣው።

ኑርዬ ቀጥቃጭ ዘንድ ገባሁ፣ ከቦርከና ድልድይ ማዶ፤
የትሬንታ ኳትሮ ባሌስትራ፣ ስንት ዘመን አሰብ ወርዶ፣
ስንት ኩንታል ጨው ተሸክሞ፣
አሁን እሳት ላይ ተጋድሞ።
«አፉ ሁለት ጣት ከሆነ፣ ብረትህ አንድ ጣት ይሁን፤
ያንዷ ጣት ቦታ የሰጋቱራው ናት፣ መውጫ አትንሳው እሱን።
አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ፣ ሁለት ክንድ ደጅ የዋለ፤
እጀታ የቆጠበ ክንዱን ነው የከፈለ።»
ከዚያ መዶሻውን አንስቶ፦ «ምን ያህል ላጥፈው?»

እንዴት ይነገራል፣ ያልታየ ውስጥ ልኩ?
ሽቦ አልያዝኩ፣ ወረቀት የለኝ፤
ጣቴን አጠፍኩ።
ሌባ ጣቴን፣ ከመሀል አንጓዋ፣
የጋሽ ይመር ጣት እንደነበረች፣
ያኔ ቺንጋ ነክሷት ታጥፋ የቀረች፤
በሷ ነበር የዕቃውን ሆድ ቀስ ብለው የሚያንኳኩት፣
ድምፁ ሲሳሳ «ይበቃል» የሚሉት።

ኑርዬ ጣቴን አየ። ቃል አልጨመረ።
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ መታ፤
ዘይት ውስጥ ነከረ።

ውስጡን ለቄስ ይላሉ። እኛ ሰፈር ቄሱም ሸሁም
በር ለበር ናቸው፤ ውስጤን ግን ለማንም አልሰጠሁም።
ለዚህ ጉቶ ብቻ፣ በሁለት ጣት ቀዳዳ፣
ዓይኔን ጨፍኜ ስነግረው ዋልኩ፣ ጓዳ ለጓዳ።
ሰጋቱራው እንደ ጭምጭምታ ወጣ፣ ሞቃት፣ ወይራ ወይራ የሚል፤
ግድግዳው ሳሳ፤ ድምፁ ከ«ዱብ» ወጥቶ «ቲን» ሊል ሲል…
አንድ ጊዜ ልጨምር ብዬ ነበር።
አቆምኩ።

ጦይባ ሐሙስ መጣች። ገለበጠች፣ አሸተተች፣
ጣቷን ሰዳ ትከሻው ሥር ዞር አደረገች።
ፊቷ ምንም አላለ።
«ክዳኑስ» አለች፣ «የታለ?»