ቤት አይመታም

ምሲምባዚ ሞልቶ፣ ዳርቻውን ጥሶ፣
ሳያንኳኳ ገባ፣ ጥቁር ጭቃ ለብሶ፤
ድስቱን አንሳፈፈው፣ ጫማውን ወሰደ፣
ግድግዳውን ልሶ በመስኮት ወረደ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ።
አራት ስንኝ ጽፌ አፈርኩ።
ጎርፍ ቤት በመታበት ሰፈር
ደግሞ የኔ ግጥም ቤት ይምታ?
ይቅር። ከዚህ በታች ያለው ቤት አይመታም።

እኔ ሜትርና ቅጽ ይዤ የመጣሁ ሰው ነኝ።
ዳሬሰላም፣ ከሸለቆው ሥር፣ ሱና በሚሉት መንደር
በር እያንኳኳሁ እጠይቃለሁ፤
ጎርፉ የማያደርገውን ማለት ነው።

ጥያቄ ሰባት፦
«ለአየር ንብረት ለውጥ የወሰዱት የመላመድ እርምጃ ምንድን ነው?»
በራሳቸው በስዋሂሊ ሳነበው እንኳ
አፌ ውስጥ እንደ ጠጠር ተንከባለለ።

ምዋንቱሙ ቂጣቸውን ገለበጡ፣
የሩዝና የኮኮናት፣ ዘይቱ እየተንጫጫ፤
እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው
«ና ግባ፣ ጎንበስ በል» አሉኝ።

«የቆምክበት ሥር ሦስት ወለል አለ።
የታችኛው፣ ሙሽራ ሆኜ የገባሁበት።
ከሱ በላይ፣ ሴፉ ዳዴ ያለበት።
ከሱ በላይ፣ ባሌን ቻንዴን አጥበው የገነዙበት።
ጎርፉ አሸዋውን ጥሎልን ይሄዳል፤
ዝቆ ማውጣት ለጉልበተኛ ነው፣
እኛ ደልድለን፣ ሲሚንቶ ቀብተን እንኖርበታለን።
ለጣሪያ ገንዘብ ይጠየቃል፣ ልጄ፤
ወለል ግን ውኃው ራሱ ያመጣልሃል፣ በነፃ።»

ሴፉ የት ሄደ?
«ሴፉ ቁመቱ እንደ አባቱ ነው።
እሱ ወደ ላይ፣ ወለሉ ወደ ላይ፤
አንድ ቀን ጭንቅላቱ ቆርቆሮውን ነካ።
ቀና ብሎ የሚቆምበት ቤት ፍለጋ ወጣ።
ይደውላል፣ ዓርብ ዓርብ።»

ለካሁ።
ከወለል እስከ ቆርቆሮ፣ አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት።
ሴትየዋ፣ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት።
«ሁለት ጣት ተርፎኛል» ብለው ሳቁ፤
«እርጅናም ያሳጥራል ይላሉ፤
እኔና ጎርፉ፣ ማን እንደሚቀድም እናያለን።»

ውጭ ግድግዳው ላይ ማዘጋጃ ቤቱ
ይፍረስ ሲል የቀባው ቀይ ኤክስ አለ።
ደለሉ የታችኞቹን እግሮች ቀብሮ
ከላይ የቀሩት ሁለቱ
እጁን ዘርግቶ የሚጣራ ሰው ይመስላሉ።

ለምን አይለቁም? አልኩ፣ ቅጹ ስለሚል።
«ከከተማ ውጭ መሬት ሰጥተውኝ ነበር።
ቂጣ የሚገዛ ግን አልሰጡኝም።
አውቶቡሱ ትርፌን ይበላል።
ጎርፉ በዓመት ሁለቴ ነው የሚመጣው፣
ረሃብ በቀን ሦስቴ።»

ከዚያ የተንጠለጠለውን አሳዩኝ፦
ከወራጁ ላይ የዱቄት ጆንያ፣
በላስቲክ የተጠቀለለ የቻንዴ የሞት ወረቀት፣
እና በክር የታሰረች ትንሽ ስልክ።
ከላይኛው ድልድይ ሱዲ የሚባል ብስክሌት ጠጋኝ አለ፤
የውኃው ቀለም ሲለወጥ ለመንደሩ ሁሉ ይደውላል፣
ሒሳብ እንዳይቆጥር ሳይነሣ ይዘጋል።
አንዴ ከጠራ፣ ዱቄት ስቀል።
ሁለቴ ከጠራ፣ ሕፃን ስቀል።
ሦስቴ ከጠራ
ስልኩን ተወው።

ለጥያቄ ሰባት የተተወው ቦታ አንድ መስመር ነበር።
እዚያ ላይ ምን ልጻፍ?
ብዕሩን ከፍቼ ዘጋሁ፣ ከፍቼ ዘጋሁ፤
ቂጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፣ ሒሳብ አልቀበል አሉ።

ቤት አይመታም ብዬ ነበር።
ስወጣ ጎንበስ ማለት ረስቼ
ግንባሬ ከጉበኑ ጋር ተላተመ፤
ቤቱ መታኝ።