ዘር ቆጣሪ

ቬርቼሊ፣ ጣሊያን አገር፣ ከሩዝ ማሳ መሀል፣
ዘር እየቆጠርኩኝ ደሞዝ ይከፈለኛል።

ሳቁ ወንድሞቼ ይህን ስነግራቸው፤
«እኛ'ኮ በነጻ ነው!» አሉኝ፤ ተውኳቸው።
የኔው ዘር ግን ሩዝ ነው፣ በመቆንጠጫ ጫፍ፣
ሺህ ሲሞላ ብቻ ወደ ሚዛን የሚያልፍ።

አለቃዬ ኦርኔላ ስድስት ዓመት ለፋች፤
ከሩዙ ብራና ላይ አንዲት ፊደል ፋቀች፤
ዋግ ሹልክ የሚልባትን ቀዳዳ ደፈነች።
አባቴ ቁም ጸሐፊ፣ ግድፈት ያስለቀሰው፤
እዚህ ግን ግድፈቱ ሆነ የሚፈውሰው።

ሰኔ ላይ፣ በሌሊት፣ አጥሩን ቆርጠው ገቡ፤
ነቀሉት፣ ያቺን ፊደል አንዴም ሳያነቡ።

ጠዋት ኦርኔላ መጣች። አልጮኸችም።
በከተማ ጫማዋ ውሃው ውስጥ ገብታ ቆመች።
አንድ ሽመላ ከተነቀለው መሀል ትል ይለቅማል።
«ቁጠር» አለችኝ።

ኤርሜኔጂልዶ፣ ጎረቤታችን፣
«የአያቴ ሩዝ ይበቃኛል» ባዩ፣
በእኛ ላይ ፊርማ ሲያሰባስብ የከረመው ሽማግሌ፣
ባልዲ አንጠልጥሎ መጣ።
ሥር የቀረውን እየመረጠ፣ ጎንበስ ብሎ፣
መልሶ ይተክል ጀመር።
የማን ወገን ነህ ልለው ነበር።
ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁና አፌን ያዝኩ።

ማታ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦
ከሁለት መቶ አስር፣ ሥር ያለው ሠላሳ አራት።
ይጽደቅ ይድረቅ አልታወቀም።

ወንድሞቼ ደውለው ነበር።
አላነሣሁም፤
ገና እየቆጠርኩ ነበር።