ከሸራው የተቆረጠችው

ኮዬ ፈጬ ዳርቻ፣ ከብሎኩ ሥር ሱቅ ውስጥ፣
ማተሚያዬ ያድራል ቀለም ሲያላምጥ፤
የሙት ዓመት ፎቶ፣ የምርቃት ሸራ፣
«የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም» ከነስልኩ ጋራ።

ወይዘሮ የሺእመቤት ማክሰኞ መጣች፣
ለአዲሱ ስቲም ቤቷ ሥዕል አዘዘች፤
«የጥንት ነው፣» አለች፣ «የፈረንጅ ሥራ፣
ሁለት በሦስት አትመው፣ ግድግዳዬ ይኩራ።»

ከስልኳ ተቀበልኩ።
እብነ በረድ ገንዳ፣ ሰማያዊ ሸክላ፣
እንፋሎት የጋረደው የነጭ ሴት ገላ፤
ከኋላዋ ደግሞ፣ ብርሃኑ ከሚያበቃበት፣
ውሃ የሞላ ሳፋ ያሸከሟት
አንዲት ጥቁር ሴት።
ቀይ ሻሽ። አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት፣
እኔ የማውቀው ዓይነት።
ሠዓሊው ስሟን አልጻፈም፤ የራሱን ግን ጻፈ
ከእግሯ ሥር፣ አድምቆ፣
ከብቱን እንደሚተኩስ ሰው፣ ብረቱን አሙቆ።

ሌሊቱን አተምኩት።
ነጯ ይህ ነው የሚባል ቀለም አላስወጣችኝም፤
ነጭ ማለት ሸራው ነው፣ ማሽኑ አይነካውም።
የጥቁሯ ትከሻ ግን
ሰማያዊውን ጠጣ፣ ቢጫውን፣ ቀዩን ጠጣ፣
ጎህ ሳይቀድ ጥቁሩ ጠርሙስ ባዶውን ወጣ።
ያበራችው አንዷ፣
የከፈለችው ሌላዋ።

የሺእመቤት አየችው፤ ግንባሯን ቋጠረች።
«ውይ፣ ባሪያዋን ቁረጣት! ደንበኛ ይደብረዋል፤
ደሞ ቁርጥ ሠራተኛዬን!» ብላ ሳቀች።

ቆረጥኩ። ሰማንያ ሳንቲ ሜትር፣ ከላይ እስከ ታች።
ምላጩ ሳፋው ጋ ሲደርስ እጄ ሳተ፤
አራት ጥቁር ጣት ከነጯ ጋር ቀረ፣
የሳፋውን ጠርዝ እንደያዘ።
የሺእመቤት አላየችም። እኔም አልነገርኳት፤
ጠቅልዬ ሰጠኋት።

የአባቴ አያት ስሟ «ገንዘቤ» ነበር።
የቁልምጫ ይመስለኝ ነበር፣ ቤት ውስጥ ሲነገር።
አንድ ለቅሶ ላይ አጎቴ ጠጥቶ
«በስንት አሞሌ ነበር እንኳ?» ብሎ ሲጀምር
አክስቴ በጫማዋ እግሩን ረገጠችው።
ወሬው ወደ ዝናብ ዞረ።
የገንዘቤ ፎቶ የለንም።
ለመቁረጥ እኛም ፈረንጅ አልጠበቅንም።

ቁራጯን ድንች ጠባሿ ዲንቂቱ ወሰደቻት፣
ለክረምቱ ጣራ።
«ማናት?» አለችኝ፣ አራቱን ጫፍ ስታስር።
«ዘመዴ» አልኳት።
ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ዘይቱን።

አሁን ሐምሌ ነው። የኮዬ ጥቁር ጭቃ
ጫማ ከእግር ይነጥቃል።
ዝናቡ ሲበረታ ሸራዋ ይረግባል፣ ውሃ ያቁራል፤
ዲንቂቱ የመጥረጊያውን እንጨት አንስታ
ከሥር ቀስ አድርጋ ትገፋታለች፣
«በይ እንግዲህ፣ አውርጂው» ትላለች፣
ውሃው ባንዴ መንገዱ ላይ ይፈሳል።