ሦስት ደቂቃ

ሜንዶሳ። ኔሊዳ ከፔጆው ሥር፣ በጀርባዋ ተንጋላ፣
ቀዩን ሽቦ በጥርሷ ላጠች፣ አንዱን ከሌላው ቀጥላ።
«የፋብሪካው ፋን ሰነፍ ነው፤ ውሃው ካልፈላ አይሠራም፤
የአንዲስን አቀበት፣ የጥርን ሐሩር አይፈራም።»
ማብሪያውን ከመሪው ሥር፣ ከአውራ ጣት አጠገብ ተከለች፤
«ዳገቱ ሲታይህ ጫነው፣ እንፋሎቱን አትጠብቅ» አለች።

ኤውሎሂዮ ቁልፉን ነቀለ። ሞተሩ ፀጥ አለ፤
ፋኑ ግን ቀጠለ።
«ይህስ ተረስቶ ነው?»
«አልተረሳም፤ ሦስት ደቂቃ ሰጠሁት።
ሞተር ከጠፋ በኋላ ነው፣ ሙቀቱ ሽቅብ የሚወጣ።»

ትዝ አለው፦ ወንድሙን ሲቀብሩ፣ ከዓይኗ ዕንባ አልመጣ፤
ኋላ ግን፣ ወንበሩ ሁሉ ሲለቀቅ፣ ሳህን ስታጥብ ነደደች።

ሳይወርድ ቆየ። ፋኑ ነፈሰ።
እሷም እጇን በጨርቅ ጠረገች።